ሕግ ልማር ለምትል ልጅ ምን እንምከራት?

የብሔራዊው ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ ምን ይማር፥ የትስ ገብቶ ይማር የሚል ነው። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከሰሜን ሸዋ፥ ከሰላ ድንጋይ የተላከ ነው። ጸሓፊው ገበሬና የአምስት ልጆች አባት መሆናቸውን ከገለጡ በኋላ፥ ታላቂቱ ልጃቸው የ12ኛውን ክፍል ፈተና ማለፏን፥ ሕግ ለመማርም ቁርጥ አሳብ ማድረጓን ይነግሩናል። እናቷ ግን «ጠበቃ ማለት ነገር አጣማሚ ነው፤ ልጄን ለዚህ አላሳደግኋትም» እያሉ ይቃወማሉ፤ አባትየውም በሁለቱ መካከል ሆነው የሚሉት ጠፍቷቸዋል። በመጨረሻም፥ «የሕግ ትምህርት ቤት አለቆች ተማሪ ሲቀበሉ የሚመለከቱት ምንድን ነው? ከብዙዎቹስ ትምህርት ቤቶች የቱን እንምረጥ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ እንዳይደለ ስለምናውቅ መልሱን ለሁሉ እንዲሆን በዚህ ዓምድ ጽፈነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የእናቲቱን ተቃውሞ እንመልከት፤ ከባዶ የመነጨ አይደለምና። በአገራችን ሁለቱን ወገን አጋጭቶ የሁለቱንም ከብት የሚያሸጥ፥ ነገሩ እንዳያልቅ ቀጠሮውን የሚያስረዝም ነገረ ፈጅ እንደ ነበረ ማን ይክዳል? ዛሬም አልጠፋም። ነገር ግን መድኃኒት ቀማሚ መርዝ ሊቀምም ይችላል ተብሎ መድኃኒት አይጠላም። ሕዝባችን ለሕግ ያለው ክብር ጥንታዊ ነው፤ በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። አባቶቻችን በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ ከአላፊ አግዳሚው አንዱን ዳኛ አድርገው ያስቀምጡና በዚያው ይሟገቱ ነበር፤ በተጠየቅ ሙግትም አንደበቱ የተባ ሰው በአደባባይ ይከበር ነበር። የተከበረው ግን ነገር በማጣመሙ ሳይሆን ነገሩን አጥርቶ በማስረዳቱ ነው።

የሕግ ዐዋቂ በመጥፋቱ ጉዳቱ የሚደርሰው በማን ላይ እንደ ሆነም ይታሰብ። ባለጸጋው ገንዘቡን ከፍሎ ጠበቃ ያቆማል። ባሏ የሞተባት ሴት ግን በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ተጽፎ ሳለ ዘመድ መጥቶ መሬቷን ሲያርስባት፥ አቤቱታዋን ለማን እንደምታቀርብ፥ የይግባኝ ጊዜዋ መቼ እንደሚያልፍ፥ በምን ማስረጃ እንደምትረታ ሳታውቅ ትቀራለች። እንዲህ ያለችው ሴት ብዙ ጊዜ የምትረታው እውነት ስለሌላት ሳይሆን እውነቷን በሕግ ቋንቋ የሚናገርላት ስላጣች ነው። እንግዲህ ቅን ልጆች ሁሉ ሕግን ከሸሹ፥ ያች ሴት የምትወድቀው እናቲቱ በሚፈሩት በነገር አጣማሚው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ የእናቲቱ ፍርሃት ልጅቱን ከትምህርቱ የሚከለክል ሳይሆን በትምህርቱ ውስጥ እንዴት መኖር እንደሚገባት የሚያስታውሳት ምክር ቢሆን ይሻላል።

ደግሞም የሕግ ትምህርት ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ፥ በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሶ፥ በመጻሕፍት ቤት በትርጓሜ ሲጠና፥ በአደባባይም ሲፈረድበት ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ አማካይነት ታትሟል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቈረቈሯት በደብረ ብርሃን ዛሬ የሕግ ተማሪዎች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ቆሟል።

«ሴት ልጅ በችሎት ምን ትሠራለች?» የሚል ቢኖር፥ የሰላ ድንጋይ ሰው ይህን ሊጠይቅ አይገባውም። ሰላ ድንጋይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ገዥነት ከዳኝነት የተለየ አልነበረም። በዘመናችንም በአሶሳ የተወለዱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፥ በዳኝነት አገልግለው፥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ከመሠረቱት መካከል ሆነው፥ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በመሆን ተሾመዋል፤ በዚህ ወንበር ከተቀመጡት ሴቶችም የመጀመሪያዪቱ ናቸው። ከዳር አገር መወለድም ሴት መሆንም አላገዳቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሕግ ለሚማር ሰው የሚፈለገው ጠባይ ምንድን ነው? ከጥንቱ ብንጀምር፥ ዮቶር ለሙሴ የሕዝቡን ነገር የሚያዩ ዳኞች እንዲመርጥ ሲመክረው፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ እውነትን የሚወዱ፥ ጉቦን የሚጠሉ ይሁኑ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ሀብታቸውንና ወገናቸውን ጠይቅ አላለውም። ዛሬ የሕግ መምህራን በልዩ ልዩ ቃል የሚናገሩት ሁሉ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በአገራችን ዘመናዊው የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በ1952 ዓ.ም. ታውጀው ሳለ፥ እነዚህን ሰፋፊ ሕጎች አንብቦ የሚሠራባቸው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ያ ፋኩልቲ ለብዙ ዘመን ብቸኛ ሆኖ ቆየ። ዛሬ ግን ባሕር ዳር፥ ጎንደር፥ ወሎ፥ ደብረ ማርቆስ፥ ደብረ ብርሃን፥ መቐለ፥ ጅማ፥ ሐረማያ፥ ሐዋሳና ሌሎችም ብዙዎች ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ያስተምራሉ። ስለዚህ የቀድሞው ጥያቄ «እንገባ ይሆን?» የሚል ነበረ፤ የዛሬው ግን «የት እንግባ?» የሚለውንም ይጨምራል።

ወላጆች በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባቸው ነገር፥ በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀርቦ የሚመርጥ አለመሆኑን ነው። ምደባው በፈተና ውጤትና በተማሪው ምርጫ ይወሰናል። የ12ኛው ክፍል ፈተና ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ከመቶ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የእኚህ አባት ልጅ ማለፏ ብቻ ቤቱን ሊያስደስት የሚገባ ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም በመጀመሪያ የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ከእነዚህም መካከል የአመክንዮ፥ የእንግሊዝኛ፥ የሥነ ልቡናና የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር ትምህርቶች ይገኛሉ። ወደ ሕግ የሚያገባው በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው በዚህ ጊዜ በሚገኘው ውጤት ነው። ብዙ ልጆች ፈተናውን ካለፍን ብለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይዘናጋሉ፤ ኋላም የተመኙት ክፍል ሲያመልጣቸው ያለቅሳሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራሱን ችሎ መተዳደር ከጀመረ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣልና፥ ወደዚያ የሚያስብ ሰው ማስታወቂያውን በጊዜው መከታተል አለበት።

በውጭ አገር ግን የትምህርት ቤቱ ሹማምንት እያንዳንዱን አመልካች በወረቀቱ ይመረምራሉ። በባሕር ማዶ ዘመድ ላላቸው ቤተሰቦች ይጠቅም ዘንድ ይህንንም በአጭሩ እንናገር። በአሜሪካ ሕግ የሚማረው አስቀድሞ ሌላ ዲግሪ የያዘ ሰው ነው፤ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሹማምንቱ የሚመለከቱት የቀድሞውን የኮሌጅ ውጤት፥ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን ኤልሳት የተባለውን ፈተና፥ አመልካቹ ስለ ራሱ የጻፈውን ጽሑፍና የመምህራንን ምስክርነት ነው። ይህ ፈተና በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የእንቆቅልሹን ክፍል ትቶ በንባብና በክርክር ምርመራ ላይ ብቻ ቀርቷል። የሕግ ሰው ዋና መሣሪያው ረቂቅ ጽሑፍን አንብቦ መረዳት፥ የሌላውንም ክርክር ጉድለት ለይቶ ማየት ነውና። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እንደ እኛ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ሕግ ይማራሉ፤ እንደ ኦክስፎርድ ያሉት ግን ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ አመልካቹ ስለ ራሱ በጻፈው ውስጥ ሐሰት የተገኘበት እንደ ሆነ፥ የቀድሞ ጥፋቱን የደበቀም እንደ ሆነ፥ ትምህርቱን ጨርሶ እንኳ የጥብቅና ፈቃድ ሊከለከል ይችላል። ጥፋቱን በግልጥ የተናገረ ብዙ ጊዜ ይታለፍለታል፤ የዋሸው ግን በውሸቱ ይጠየቃል። በአገራችንም የሌላ ሰው የጻፈውን የራስ አስመስሎ ማቅረብ፥ የሐሰት ማስረጃ ማሠራት፥ በዘመድ አማላጅ ውጤት ማስተካከል እንደ ብልሃት የሚቆጠርበት ቤት ካለ፥ ያ ቤት ልጁን ወደ ሕግ ትምህርት ባይልክ ይሻላል። ሌባ የሚያስቀጣውን ሕግ በሌብነት መማር አይቻልምና።

እንግዲህ ትምህርት ቤት በመምረጥ ረገድ የሚታዩትን ነገሮች በተራ እንዘርዝር።

አንደኛ፥ ፈቃድና ዕውቅና ነው። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የግል ኮሌጆች ሕግ እንዳያስተምሩ ከልክሎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሳይጠይቁ ገብተው የነበሩ ብዙ ተማሪዎች ተጨነቁ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ትምህርት ቤቱ ሕግን ለማስተማር፥ ያውም በዚያው ከተማና በዚያው የትምህርት ዓይነት፥ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፥ የመውጫ ፈተና ውጤት ነው። የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የሌሎቹም ትምህርቶች ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ሲጨርሱ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽ ያህሉ እንኳ አላለፉም። አምስት ዓመት ሙሉ ተምሮ ዲግሪውን ሳይቀበል መቅረት ለድሃ ቤት ትልቅ ስብራት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን፥ «ባለፉት ዓመታት ከሕግ ተማሪዎቻችሁ ስንቱ አለፉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የትምህርት ቤቱን ስም ከመስማት ይልቅ ይህን ቍጥር ማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ተማሪው ከመጽሐፍ ሌላ በምን እንደሚሠለጥን ይጠየቅ። በብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለድኾች ያለ ዋጋ ምክር የሚሰጥበት የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ፤ ተማሪዎች እንደ ከሳሽና እንደ ተከሳሽ ሆነው የሚከራከሩበት ምስለ ችሎትም ይካሄዳል። በማዕከሉ የአንዲት መበለት አቤቱታ የጻፈ ተማሪ በክፍል ብቻ ከቆየው ይልቅ ብዙ ያውቃል። ከቤተ መጻሕፍቱና ከመምህራኑ ቍጥር ጋር ይህም መመዘኛ ይሁን።

አራተኛ፥ የቋንቋ ነገር ነው። በዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በክልላችን ፍርድ ቤቶች የሚሠራው ግን በአማርኛ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከሚታተሙት ሁለት ቋንቋዎችም የመጨረሻ ሥልጣን ያለው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛው ደከም ያለ ልጅ በትምህርቱ ይቸገራል፤ አማርኛው የላላ ልጅ ደግሞ በሥራው ይቸገራል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድነት ማጠንከር የግድ ነው።

አምስተኛ፥ ርቀትና ሰላም ነው። ይህን ሳናነሣ ብንቀር ወላጆችን እንዳታለልን ይቈጠራል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ የታገቱት ተማሪዎች ነገር ከእናቶች ልብ አልጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭትም ስንቱን ትምህርት ቤት እንደ ዘጋ የታወቀ ነው። ምርጫ ሲሞላ መንገዱ፥ የሚያርፉበት ዘመድ፥ ሥንቅ የሚደርስበት መንገድ ሁሉ ይታሰብ። ለሰላ ድንጋይ ሰው ደብረ ብርሃን ቅርብ ነው፤ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የታወቀ ስም ያለው ሩቅ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ከቅርቡ አይሻልም፤ በጭንቀት የሚማር ልጅ ግማሽ ልቡ መንገድ ላይ ነውና። ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን መካሪ አይሁን፤ ከዚያው ተምረው የመጡትን ጠይቆ መወሰን ይገባል።

ስድስተኛ፥ ወጪና የኋላ ኑሮ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር በወጪ መጋራት ውል ስለሚፈርም፥ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንደሚከፍል ከወዲሁ ይወቅ። ከዲግሪውም በኋላ ወዲያው ጠበቃ ወይም ዳኛ መሆን የለም፤ ዳኝነትና ዐቃቤ ሕግነት ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ ጥብቅና ደግሞ ፈቃድና ፈተና አለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ ጠበቆች በሽርክና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ጀማሪው በልምድ ከበለጡት ጋር ሆኖ መሥራት ይችላል። ሕግ የተማረ በባንክ፥ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፥ በማኅበራትም ሥራ ያገኛል። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይለወጣል ብሎ መጠበቅ ግን ልጅቱን ማስጨነቅ ነው፤ በችግር የተቻኮለች ጠበቃ ለጉቦ ቅርብ ናትና።

ደግሞ ምደባው እንደ ተመኙት ያልሆነ እንደ ሆነ ልጅን ማሳፈር አይገባም። በሌላ ትምህርት ተመርቀው፥ ኋላ በማታ ወይም በክረምት ሕግ ተምረው መልካም ዳኛ የሆኑ ሰዎች በየፍርድ ቤቱ አሉ። ዕድሜና መንገድ ቢለያይም ዕውቀቱ አንድ ነው።

ትምህርቱ እስኪጀመር ድረስ ባለው ጊዜ በቤት የሚደረግ ነገር አለ። የወረዳ ፍርድ ቤት ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ልጅቱ አንድ ቀን ገብታ ዝም ብላ ታዳምጥ፥ ማታ የከሳሹንም የተከሳሹንም ክርክር በእኩል ገጽ ጽፋ ለአባቷ ታንብብላቸው። ለአንዱ ወገን ብቻ ረዝሞ የተጻፈ ከሆነ ዳግመኛ ትጻፈው። ሕገ መንግሥቱን፥ የቤተሰብ ሕጉን፥ የክልሉን ዝክረ ሕግ፥ የፌዴራል ሰበር ችሎት ያሳተማቸውን ውሳኔዎች ካገኘች ታንብብ፤ ሰበሩ በሕግ ትርጕም የሚወስነው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳልና፥ ሕጉ በኑሮ ላይ ምን እንደሚሠራ በእርሱ ይታያል። ቅኔ የቈጠረ ወንድም ወይም አጎት ካለም ሰምና ወርቅ መለየትን ታስተምር ዘንድ ይለምኑት፤ በአንድ ቃል ሁለት ትርጕም ማየት ለሕግ አንባቢ ትልቅ ልምምድ ነው።

ለእኚህ አባት የምንሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነው። ልጅዎ በራሷ ፈቃድ ሕግን ከመረጠች አይከልክሏት፤ ሕግን ለክብር ብቻ ወይም ለገንዘብ ብቻ ፈልጋ እንዳይሆን ግን ረጋ ብለው ይጠይቋት። በምርጫው ወረቀት ላይ ደብረ ብርሃንን፥ ባሕር ዳርንና አዲስ አበባን ከላይ በተዘረዘሩት ነገሮች መዝነው፥ እርሷም እናቷም ባሉበት ተነጋግራችሁ ሙሉ። እናቲቱም ፍርሃታቸውን እንዲህ አድርገው ይንገሯት፤ «ልጄ ሆይ፥ ነገር የምታጣምሚ ከሆነ አትሂጂ፤ ነገር የምታቀኚ ከሆነ ግን ሂጂ፤ ደግሞም ድኻውን ስታዪ ፊትሽን አትመልሺ» ይበሏት። ይህን ሰምታ የምትሄድ ልጅ፥ ዲን ባይመርጣትም፥ ሕዝቡ ሲቸገር የሚፈልጋት የሕግ ሰው ትሆናለች።